በገበያ ቀን የታዩ ልጆች

ጥቅምት 4 ቀን 2018

የሒክማ ዝውውር ጸደቀ። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ደረሰ፤ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ደሴ ትሠራለች። ለእሷ ደስ ብሎኛል፤ ባሏም ልጇም እዚያ ናቸው። ለእኔ ግን አራት የነበሩት ሠራተኞች ሁለት ሆኑ። አንዷ በወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ እስከ የካቲት አትመለስም። የቀሩት ዋለና ኢቲሳም ናቸው።

ፋይሉ ሁለት መቶ ስምንት ነው። ወላጅ የሞተባቸው ወይም ወላጆቻቸው ማሳደግ ያቃታቸው፣ በአጎት፣ በአክስት፣ በጎረቤት ቤት የተቀመጡ ልጆች ናቸው። የእኛ ሥራ ልጁ ያለበት ቤት ሄዶ ማየትና ያዩትን መጻፍ ነው። የትኛውን ልጅ ማን እንደሚይዝ የምደለድለው እኔ ነኝ።

ለዋለ ሰባ አምስት ሰጠሁት። ጉልበቱን ያመዋል፤ በዚያ ላይ ሲከፋው ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ኢቲሳም የራሷ ሰባ ስምንት አላት፤ የሒክማን ሃምሳ አምስት ጨመርሁላት። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እትዬ ሰብሌ፣ የሒክማን ልጆች መልካቸውን አላውቀውም። ከመሄዷ በፊት ይዛኝ ትዙር?»

ልማዳችን ነው። ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ አስረካቢዋ ተረካቢዋን በየቤቱ ይዛት ትዞራለች። ልጁ አዲሷን ያያል፤ አዲሷም ልጁን ታያለች። «መልክ ማስረከብ» እንለዋለን። ፋይል ውስጥ ፎቶ አናስቀምጥም፤ ቀደም ሲል የልጆች ፎቶ ወጥቶ በማይሆን ቦታ ከተለጠፈ ወዲህ ትተነዋል። ስለዚህ የልጁ መልክ ያለው በሠራተኛዋ ዓይን ውስጥ ብቻ ነው።

ሃምሳ አምስት ቤት ለማዳረስ ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል። ሦስት ሳምንት የለኝም። «ሁሉም ነገር ፋይሉ ላይ አለልሽ» አልኋት።

ጥቅምት 7

ሒክማ ፋይሎቿን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ አስረከበች። ስትሰናበተኝ «የአምባሰሎቹን ቶሎ እዩአቸው፤ ከክረምት ወዲህ አልሄድሁባቸውም፤ አደራ» አለችኝ። የርክክብ ቅጹ ላይ «መልክ ተረካክበዋል» የሚል መስመር አለ። ፈረምሁበት። ያለዚያ መዝገብ ቤት አይቀበለውም።

ጥቅምት 15

የቢሮው ሞተር ብስክሌት ተበላሽቶ ቆመ። መለዋወጫ የለውም።

ሙዘይን ጠራኝ። ኃላፊያችን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከደሴ ዋና መሥሪያ ቤት ስልክ ሲደወልለት ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የሚያነጋግራቸው።

«እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጊዜ መታየት አለበት» አለኝ። «መቶ በመቶ። ሰው የለኝም ብል ከእኔ አይቀበሉኝም፤ እኔም ካንቺ አልቀበልም።»

«ሰው ግን የለም።»

«ዘዴ ፈልጊያ! ስንት ዓመት ሠርተሽ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ጥቅምት 19

ዘዴው የመጣልኝ ከውጫሌ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የገበያ ቀን ነበር። አህያ የሚነዳው፣ ጆንያ የተሸከመው፣ ዶሮ ያንጠለጠለው ሁሉ ከአምባው እየወረደ አስፋልቱን ሞልቶታል። እነዚህ እኮ የእኛ አሳዳጊዎች ናቸው። ሠራተኛ ላገኛቸው ብላ ግማሽ ቀን ሽቅብ የምትወጣላቸው ሰዎች በገዛ እግራቸው እየወረዱ ነው። ልጁን ይዘው ይምጡ፤ እኛ አንድ ቦታ ተቀምጠን እንይ።

ከሰዓት በኋላ ለሁለቱ ነገርኋቸው።

ዋለ ሳቀ። «እና ልጁን ከፍየሉ ጋር በአንድ ገመድ አስረው ያምጡልን? ጥርሱን ከፍተን ዕድሜውን እናያለና!»

«ዋለ፣ በቁም ነገር ነው የማወራው።»

«እኔስ? ፍየል የሚገዛ ሰው እንኳ አገላብጦ ነው የሚያየው።»

ኢቲሳም አልሳቀችም። «ቤቱንስ፣ እትዬ ሰብሌ?»

«ቤቱን ምን?»

«የሚተኛበትን። ከማን ጎን እንደሚተኛ። ሰው ሲጠራው እንዴት ብሎ አቤት እንደሚል። እሱን እገበያ ላይ በምን አየዋለሁ?»

«ለጊዜው ነው» አልኋት። በዚህ ሳምንት «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልሁት አላውቅም።

ኅዳር 3

የመጀመሪያው ቀን፤ ውጫሌ። አንድ የእህል ነጋዴ በረንዳውን ለቀቀልን። ኢቲሳም ትጠይቃለች፤ እኔ ዝርዝሩን ይዤ ምልክት አደርጋለሁ። ዋለ በከተማችን፣ በሐይቅ ገበያ ብቻውን ተቀምጧል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አርባ አንድ ልጅ አየን። በፊት አርባ አንድ ልጅ የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር።

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ስንመለስ ዝርዝሩን አውጥቼ ሦስት ጊዜ አየሁት። ኢቲሳም አጠገቤ ራሷን መስታወቱ ላይ ደገፍ አድርጋ አንቀላፍታለች።

ኅዳር 5

ሙዘይን ለደሴ ነግሯቸዋል። ወደዱት። «ምርጥ ተሞክሮ» ብለው መዝግበውታል፤ በጥር ወር መጥተው ያዩትና ለሌሎች ቅርንጫፎች ያስፋፉታል። ስሜን በስልክ ሲጠራ ሰማሁት፤ ከእነ አባቴ ስም።

ወደ ቤት ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አያውቁኝም።

«ልጅ አምጡ ተብለን ወረድን እኮ።»

«አዩልሽ?»

«ምን ያያሉ እቴ! ቲማቲም እንደሚገዛ ሰው ገልበጥ አድርገው ተዉት።»

ሁለቱም ሳቁ። ከመውረጃዬ ቀደም ብዬ ወረድሁ።

ኅዳር 17

ውጫሌ። 46 ልጅ። ፀሐይ። በረንዳው ጠቦናል። ኢቲሳም ድምፅዋ ተዘግቷል።

ከአምባው ግርጌ ሰዑድ የሚባል አሳዳጊ መጣ። የወንድሙን ልጅ ነው የሚያሳድገው፤ ሂዳያ ትባላለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ። ከሒክማ ፋይሎች አንዱ። አዲስ ሻሽ አስሮላታል። ኢቲሳም ስሟን ስትጠይቃት ልጅቷ ወደ ሰዑድ አየች። «ሂዳያ ነው ስሟ፤ ዓይነ አፋር ናት» አለ እሱ። ትማሪያለሽ? ራሷን ነቀነቀች። ያመሻል? ራሷን ወዘወዘች። ከኋላቸው አሥራ ሁለት ሰው ቆሟል። ታይታለች፤ ጤናማ ናት፤ ትማራለች። ኢቲሳም ፈረመች፤ እኔ ምልክት አደረግሁ። ቀጣይ።

ኅዳር 19

ሂዳያን ወደ አጎቷ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። አባቷ የሞተ ሰሞን ግማሽ ቀን እኔ ቢሮ ተቀምጣ ነበር። ወሬ አታቆምም። የመስኮቱን ብረት ቆጠረች፤ የዋለን ሽበት ልቁጠር ብላ አሳቀችን።

ልጆች ሲያድጉ ዝምተኛ ይሆናሉ። ሐዘንም ዝም ያሰኛል። ቁመቷ ግን ያኔ ከነበረችው ብዙም ፈቀቅ አላለም። ልጅ ሁሉ እኩል አያድግም።

ይህን ለምን እንደጻፍሁ አላውቅም። ሥራ አለብኝ።

ኅዳር 26

ኢቲሳም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ትገባለች። ዛሬ ቀድማኝ ገብታ ፋይሎቹን መሬት ላይ ዘርግታ አገኘኋት።

«እትዬ ሰብሌ፣ ዛሬ ጉድ ሆኜ ነበር። የአንዱን ልጅ ሕመም በሌላው ፋይል ጽፌዋለሁ። ተመልሼ ባላየው ወላሂ ጤነኛውን ልጅ ሐኪም ቤት ልልከው ነበር!»

እሷም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ከጋሽ ዋለ ጋር ትንሽ ቢያመጣጥኑልኝ? ሃያ ፋይል እንኳ ቢወስድልኝ።»

«ሪፖርቱ ይለፍና።»

«ኢንሻአላህ» አለች። የማይሆን ነገር ሲነገራትም እንዲህ ነው የምትለው።

ዋለ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። መብቱ ነው። ሃያ ፋይል ጨምርልኝ ብለው የሚለኝን አውቃለሁ። ኢቲሳም የኮንትራት ሠራተኛ ናት፤ ውሏ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ እናቷንም የምትጦረው እሷ ናት። ዋለን መጠየቅ እፈራለሁ። ኢቲሳምን አልፈራም። ድልድሌ የተሠራው በዚህ ነው እንጂ በጉልበት ሕመም አይደለም።

ታኅሣሥ 6

ጸዳለ የምትባል መምህርት ከአምባሰል ድረስ መጣች። አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ገባች።

«የእናንተ ልጅ የት ናት?»

«የቷ ልጅ?»

«ሂዳያ። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ክፍል አልገባችም። አጎቷን ስጠይቀው ታማለች ይለኛል። ሦስት ወር ሙሉ የታመመች ልጅ እናንተስ እንዴት አላያችኋትም?»

ፋይሉን አወጣሁ። ጸዳለ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አነበበችው። ኅዳር 17፤ ታይታለች፤ ትማራለች።

«ይቺን ያየ ሰው ማን ነው?» አለች። «ለእኛም ያሳየን እንጂ።»

ሙዘይን ድምፅ ሰምቶ መጣ። «ማን ነው የፈረመው?»

«ኢቲሳም» አልሁ።

እውነት ነው። ፊርማው የእሷ ነው።

ታኅሣሥ 7

ከኢቲሳም ጋር ሰዑድ ቤት ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን አንድ ሰዓት ተኩል በእግር። መንገድ ላይ «ሌላ ሂዳያ ትኖር ይሆን?» አለች ኢቲሳም።

ሰዑድ አልነበረም። ሚስቱ መስኡዳ ግቢው ውስጥ ማሽላ ታበጥራለች። ሰላምታ ሳንጨርስ አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ በአጥሩ በኩል ገባች።

«ሂዳያ!» አለች ኢቲሳም። ከደስታ ብዛት እጇን ዘረጋች።

ልጅቷ ጀሪካኑን አስቀምጣ ከመስኡዳ ኋላ ተደበቀች።

«ይቺ የኔ ልጅ ናት» አለች መስኡዳ። «ኑርሀያት ናት። ዘጠኝ ዓመቷ።»

ኢቲሳም የዘረጋችውን እጅ የምታደርግበት ጠፋት።

«ሂዳያስ የት ናት?» አልሁ እኔ።

«ኮምቦልቻ። ከመስከረም ወዲህ። የባሌ ዘመዶች ናቸው፤ ሕፃን ትይዝላቸዋለች።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

መስኡዳ ወንፊቱን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። «ማንን እንንገር? ሒክማ በየወሩ ትመጣ ነበር፤ ቤታችን ገብታ ትቀመጣለች። ከክረምቱ ጀምሮ እሷም ቀረች። ከዚያ በቀበሌ በኩል በገበያ ቀን ልጅ አምጡ ተባለ። ልጅ አመጣን። ባሌን አይሆንም፣ ወንጀል ነው ብዬው ነበር። እነሱ የት ያውቋታል አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላወቃችኋትም።»

ከዚያ ደግሞ ለኢቲሳም ቀስ ብላ «ባንቺ አልፈርድም፣ እቴዋ። ላይሽ ላይ ስንት ሰው ቆሞ ነበር» አለቻት።

ስንመለስ ኢቲሳም ፊት ፊቴን ሄደች።  ደርሼ አንድ ነገር ልላት ስል መንገዱ ጠባብ ሆነብኝ።

ታኅሣሥ 9

ዋለ ኮምቦልቻ ሄዶ ሂዳያን ይዞ መጣ። የጉልበቱን ሕመም አላነሣም። የእናቷ እኅት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ አለች፤ ለጊዜው እዚያ ትቆያለች።

ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። የፈላ ወተት ነው፤ ሕፃኑን በአንድ እጇ ታቅፋ በሌላው ስታወርድ ተደፋባት። ሁለት ጣቶቿ አይዘረጉም። ዋለ የክሊኒኩን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፤ ማስቀመጥም አይባልም፤ ወረወረው ማለት ይሻላል።

ካርዱ ላይ ያለው ቀን ኅዳር 22 ነው።

ታኅሣሥ 10

ከ17 እስከ 22 አምስት ቀን ነው።

ታኅሣሥ 15

ሙዘይን በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ።

«የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሰየማል። በኢቲሳም ላይ ክሱን የምታቀርቢው አንቺ ነሽ፤ የቅርብ አለቃዋ ነሽ።»

«ስህተቱ የእሷ ብቻ አይደለም።»

«የማን ነው?»

ብዕሬን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«ስሚኝ» አለ። «ጥር ላይ እንግዶች ይመጣሉ። አሠራሩ ተበላሽቷል ካልን የሁላችንም ሥራ ነው የሚበላሸው። ሰው ተሳሳተ ካልን ግን ሰው ይሳሳታል፤ ያልፋል። ልጅቷ ወጣት ናት፤ ሌላ ሥራ ታገኛለች።»

«እናቷን ነው እኮ የምትጦረው።»

«ሁላችንም የምንጦረው አለን፣ ሰብለወንጌል።»

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥሁ። ታንኳ የሚቀዝፉ ሁለት ሰዎች መረባቸውን እያነሡ ይሰዳደባሉ፤ ሳቃቸው በውኃው ላይ ይመጣል።

ክሱን ሦስት ጊዜ ጻፍሁት። የመጀመሪያው ላይ «ሠራተኛዋ ማንነት ሳታረጋግጥ» ብዬ ጀመርሁ። በምን ታረጋግጥ ነበር? ፎቶ የለም፤ መልክ አላስረከብናትም። ቀደድሁት። ሁለተኛው ላይ «ከሥራ ጫና የተነሣ» የሚል ጨመርሁበት። የሥራ ጫና የሚለው እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። ጫናውን ቁጥር በቁጥር የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው አጭር ነው፤ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። ውስጡ አንድም ሐሰት የለም። እሱን ነገ አስገባለሁ።

ራሴን ልጠይቀው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ያን ቀን በረንዳው ላይ ቀና ብዬ ነበር ወይስ አልነበርሁም የሚለው ነው። ብዙ ሰው ነበር። ፀሐዩ ዓይኔ ላይ ነበር። ዝርዝሩን እጄ ላይ ይዣለሁ። ሻሹ አረንጓዴ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ጥልፍ አለው። ዝርዝሩን ስታይ የዋለች ሴት የሻሽ ጥልፍ ከየት ታስታውሳለች?

ከሩቅም ቢሆን አይቼ ሊሆን ይችላል። ማየትና ማወቅ ግን ይለያያሉ።

ዓሣ አጥማጆቹ ወጥተዋል። እኔም ልሂድ።

ታኅሣሥ 22

ዋለ የክሱን ቅጂ አንብቦት መጣ።

«ሰብልዬ፣ እንዴት ያምራል! ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ቦታው ላይ ነው። እኔን ስትከሺኝም እንዲህ አሳምሪልኝ።»

«አንተ ሰባ አምስት ፋይል ይዘህ አትናገር።»

«ሃያ ይውሰድልኝ ብላ መጠየቋን ዛሬ ነው የሰማሁት። አንቺ ጠይቀሽኝ ነበር?»

አልጠየቅሁትም።

«እጮህ ነበር» አለ ዋለ። «እጮህና እወስደው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን ይህን አታውቂም?»

ከሰዓት ኢቲሳም መጣች። ያለቀሰች ትመስላለች፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እትዬ ሰብሌ። ያን ቀን አጠገቤ ነበሩ። እርስዎ ሂዳያን ያውቋታል። አላዩአትም?»

«ዝርዝሩ ላይ ነበርሁ።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብሁት» አለች። «እናቴንም እንደዚያ ነው ያልኋት። ቢያዩ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር አልኋት።»

ጥር 5

ኮሚቴው ተሰብስቦ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሰብሳቢው ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ ሽማግሌ ሰው ናቸው።

እኔ መልክ እንዳልተረከበች ተናገርሁ። የርክክብ ቅጹን የፈረምሁት እኔ መሆኔንም ተናገርሁ። መቶ ሠላሳ ሦስት ፋይል እንደያዘች ተናገርሁ። የገበያውን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ አልሁ። ሙዘይን ጣራውን ያያል። እነዚህን ሁሉ መናገር ይከብደኛል ብዬ ነበር፤ አልከበደኝም።

ከዚያ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁ። «ልጅቷን ቀድሞ የሚያውቃት ሰው በቦታው ነበር? ቢኖርና ሳይለያት ቢቀር፣ ይቺ ሠራተኛ በምን ትለያት ነበር ብለን ነጻ እናወጣታለን። ለይቷት ዝም ብሎ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የዚያ ሰው ነው።»

«እኔ ነበርሁ» አልሁ። «ዝርዝሩን እያየሁ ነበር። ቀና አላልሁም።»

«እንግዲያው ያየችው እሷ ብቻ ናት» አሉ፤ ለጸሐፊውም አስጻፉት።

ኢቲሳም እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላየችኝም።

ውሳኔ፦ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። የኢቲሳም ውል ጥር 30 ሲያልቅ አይታደስም። አዲስ ማስረጃ ካላት እስከ ጥር 15 ይግባኝ ማለት ትችላለች። የገበያው አሠራር በጥንቃቄ ይቀጥላል።

ኮሪደር ላይ ሙዘይን «ለበታችሽ መከራከርሽ ጥሩ ነው፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ተመስግነሻል» አለኝ።

ጥር 7

የኢቲሳምን ፋይሎች ደልድዪ ተብያለሁ። ወረቀቱን አውጥቼ በሦስት ከፈልሁት፤ ለዋለ፣ ለእኔ፣ «ለሚመጣ ሠራተኛ»። የሚመጣ ሠራተኛ የለም። መስመሩን ግን ባዶ መተው አልቻልሁም።

ጥር 13

ሂዳያን ላያት ሄድሁ። በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። አክስቷ ቤት ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ነው። አክስቷ ወደ ማሳ ሄዳለች፤ ሂዳያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በቀኝ እጇ ሽንኩርት ትልጣለች። ግራ እጇ ፋሻው ተፈቷል። ጠባሳው ያብረቀርቃል።

ረዝማለች። ከአንገቴ በላይ ትደርሳለች።

አወቀችኝ። «ያቺ መስኮቷ ብረት ያላት ሴትዮ!» አለች። ከዚያ ወሬዋን ጀመረች፤ አሁንም አታቆምም። የኮምቦልቻው ሕፃን ስሙ ማን እንደሆነ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ ሰውዬው ሲያስነጥስ ቤቱ እንዴት እንደሚናወጥ። እኔ ቅጹን ከፍቼ እጽፋለሁ። ትምህርት ቤት ሰኞ ትጀምራለች፤ በቀኝ እጇ መጻፍ እየተለማመደች ነው፤ ግራኝ ናት።

«ኑርሀያትን አግኝተሻት ታውቂያለሽ?» አልኋት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«ልብሴን ልታመጣልኝ መጥታ ነበር። እንዴት እንደፈራች ብታዪ! በኔ ስም ገበያ የሄደች ጊዜ።»

«ኢቲሳምን ፈርታ?»

«አይ፣ እሷንስ አልፈራሁም አለች። ወረቀት የያዘችውን ሴትዮ ነው። ቀና ብላ አየችኝ አለች፤ ብዙ አየችኝ፤ አይደለሽም ልትለኝ ነው ብዬ ልሮጥ ነበር አለች።» ሂዳያ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ከዚያ ሴትዮዋ ጻፈች አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻሹን ገዝተውላት ስለነበር ደስ ብሏት ተመለሰች።»

ቅጹ ላይ «ልጁ በራሱ ቃል የተናገረው» የሚል ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ «ደህና ነኝ ብሏል» ተብሎ ነው የሚሞላው። ሂዳያ ፊት ቃሏን እንዳለ ጻፍሁት። ስጨርስ «አንብቢልኝ» አለች። አነበብሁላት። «ወረቀት የያዘችው ማን ናት?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጠባሳዋን በቀኝ እጇ ሸፈነችው፤ ለራሷ እንጂ ለእኔ ብላ ያደረገችው አልመሰለኝም፤ ብርድ ነበር።

ጥር 14

ጠዋት ቢሮ ማንም ሳይገባ ከሂዳያ ቃል ሥር ይህን ጨመርሁ፦

«ኅዳር 17 ቀን ቀና ብዬ አይቻታለሁ። ልጅቷ ሂዳያ እንዳልሆነች አውቄያለሁ። ያን ቀን አርባ ስድስት ልጅ ነበርና አንዷን ካስቆምሁ ሰልፉ እንዳይቆም፣ ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ ዝም አልሁ። ኢቲሳም አላወቀችም፤ አላወቅሁም ማለቷ እውነት ነው። ለኮሚቴው ቀና አላልሁም ያልሁት ሐሰት ነው።» ስሜን ከእነ አባቴና ከእነ አያቴ ስም ጽፌ ፈረምሁ። ሁለት ኮፒ አደረግሁ።

በዚህ ደብተር ላይ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልጻፍሁትም። ፀሐዩን ጻፍሁ፤ ሻሹን ጻፍሁ።

ኢቲሳም አንድ ሰዓት ላይ ገባች። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራዋን አላቆመችም። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«ለእኔ ነው ለመዝገብ ቤት?»

«ለሁለታችሁም።»

ቆማ አነበበችው። ሁለተኛ ጊዜ ስታነብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ውጭ ዋለ ከዘበኛው ጋር እየቀለደ ሲገባ ይሰማል።

«አንድ ቃል ቢሉኝ ኖሮ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ ነው የምትናገረው። «በዚያው ቀን ቤታቸው እሄድ ነበር። ኅዳር 18 ኮምቦልቻ እንደርስ ነበር።»

«አዎ።»

«ወተቱ ከመደፋቱ በፊት።»

«አዎ፣ ኢቲሳም።»

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትሁ። እጇን አነሣች፤ በቁጣ አይደለም፤ ፋይል እያነበበች ሰው ሲያቋርጣት እንደምታደርገው ነው። አንዱን ኮፒ ቀዳዳ በስታ የሂዳያ ፋይል ውስጥ አሰረችው። ሌላውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ይግባኙን ዛሬ አስገባለሁ» አለች።

«አብሬሽ ልሂድ?»

«አይሆንም። ብቻዬን ነው የማስገባው።» በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ከሒክማ ልጆች ሃያ ሰባቱን ገና ቤታቸው ሄጄ አላየኋቸውም። ዝርዝሩ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። እስክመለስ ድረስ በእርሳስ እንጂ በብዕር ምንም አይጻፉበት።»

ወጣች። ዝርዝሩን አውጥቼ ፊቴ ዘርግቼዋለሁ። ሃያ ሰባት ስም፤ አንዱንም በመልክ አላውቀውም። ሙዘይን ኮሪደሩ ላይ ከኢቲሳም ጋር ሲነጋገር ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ ስሜን እየጠራ ነው።